የሚነሳ የመኪና ጣሪያ ውሃ ሲያፈስ፦ ቀዳዳውን ከመፈለግ እስከ ማሸግ

ዝናብ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት የመኪናውን በር ስትከፍቱ ወንበሩ ርሷል። ምንጣፉን ስትረግጡት ውሃ ያንቸፈችፋል። ሲሊኮን ገዝታችሁ መጋጠሚያውን ሁሉ ቀባችሁት። የሚቀጥለው ዝናብ መጣ፤ ያው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ጥፋቱ የሲሊኮኑ አይደለም። የተቀባው ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታ ነው፤ ውሃው የሚገባው ግን በሌላ በኩል ነው። ውሃ በማሸጊያ ጎማው ጀርባ ሾልኮ፣ በጣሪያው ውስጠኛ ልባስ ላይ ተንሸራትቶ፣ ከገባበት ግማሽ ሜትር ርቆ ሊወርድ ይችላል። ከፊት መስታወቱ አናት የገባው ውሃ እግራችሁ ስር ሊጠራቀም ይችላል።

መመሪያው እንደ ጂፕ ራንግለር፣ ፎርድ ብሮንኮና ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላሉ፣ ጠንካራ ጣሪያቸው በእጅ ተፈትቶ ለሚነሳ መኪኖች ነው። የብሎኖቹ ብዛትና የመቆለፊያው ዓይነት ከመኪና መኪና ይለያያል። የሥራው ቅደም ተከተል ግን አንድ ነው። በሞተር እየታጠፈ ባጋጅ ውስጥ ለሚገባ ጣሪያ ግን ደረጃ 1 እስከ 5 ያለውን ብቻ ተጠቀሙ፤ ማስተካከያው ሌላ ሥራ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ደረጃ 10 ላይ ሳትደርሱ የሲሊኮን ቱቦ እንዳትከፍቱ። ብዙው ጣሪያ እዚያ ሳይደርስ ይድናል።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ፀሐያማ ቀን ምረጡ። ሙሉ ቀን ያዙለት፤ ማጣበቂያ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ሌላ አንድ ቀን ማድረቂያ ያስፈልጋል። እነዚህን አዘጋጁ፦

- የውሃ ቱቦ፣ ግፊቱ የሚቀነስ
- የእጅ ባትሪ፣ ጠመኔ፣ ብዙ ደረቅ ሶፍት፣ የወረቀት ፕላስተር
- ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ ስፖንጅ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ
- አልኮል፣ ኢሶፕሮፒል የሚባለው
- የሲሊኮን ግራሶ
- ለጣሪያው ብሎኖች የሚሆን ቁልፍ። ብዙ ጊዜ ባለ ኮከብ ራስ ቶርክስ ነው፤ ለምሳሌ ጄኬ በሚባለው የራንግለር ሞዴል ላይ መጠኑ ቲ-50 ነው
- አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ወፍራም ስፖንጅ፣ ጣሪያው የሚያርፍበት

ሰውም አዘጋጁ። የትንሽ ስፖርት መኪና ጣሪያ ወደ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው ያነሳዋል። የባለ አራት በር ጂፕ የኋላ ቅርፊት፣ ማለትም ትልቁ የኋላ የጣሪያ ክፍል፣ ግን ከ60 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ለእሱ አራት ሰው ጥሩ። ብቻችሁን አትሞክሩት። ወገባችሁን ብቻ ሳይሆን ጣሪያውንም ታጣላችሁ፤ ፋይበር ግላስ በአንድ ጥግ ከወደቀ ይሰነጠቃል።

## ደረጃ 1፦ ውሃው ከጣሪያው መሆኑን አረጋግጡ

መኪና ውስጥ ያለ ውሃ ሁሉ ከጣሪያ አይመጣም። ጣሪያውን ከመፍታታችሁ በፊት እነዚህን አስወግዱ።

1. ዝናብ ሳይኖር የፊት ምንጣፍ ይረጥባል? ኤሲ ስትጠቀሙ ብቻ ከሆነ የኤሲው ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኗል። ውሃው ንጹህና ሽታ የሌለው ነው።
2. ፈሳሹ ያጣብቃል፣ ጣፋጭ ሽታ አለው? መስታወቱስ ከውስጥ በቅባት ጭጋግ ይሸፈናል? ይህ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ የማሞቂያው ራዲያተር እያፈሰሰ ነው። ከጣሪያው ጋር አይገናኝም።
3. በሩ ታችኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው የረጠበው? በበሩ ልባስ ጀርባ ያለው የላስቲክ ሽፋን ተላቆ ይሆናል።
4. ከኋላ ነው? የኋላ መስታወት ማጠቢያ ካለው ውሃ እየረጫችሁ ቱቦውን ተመልከቱ።

አራተኛውን የጨመርኩት ስለደረሰብኝ ነው። ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው ምንጣፍ እየረጠበ ሦስት ቅዳሜ ጣሪያ ስፈታና ስገጥም ከረምኩ። በኋላ ሳስተውል ውሃው የኋላውን መስታወት ባጠብኩ ቁጥርም ይመጣል። የማጠቢያው ቱቦ ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ በደንብ አልገባም ነበር። አንድ ጊዜ ገፋ አድርጌ አስገባሁት፤ በቃ።

## ደረጃ 2፦ ውስጡን አድርቁ

ምንጣፉ እርጥብ ከሆነ አዲስ የገባውን ውሃ ከድሮው መለየት አትችሉም። ስለዚህ ማድረቅ ከፍተሻው ይቀድማል።

ምንጣፉን አንሱት። ላዩ ደረቅ ቢሆንም አትመኑት። ከስሩ ያለው ስፖንጅ ውሃውን ለሳምንታት ይዞ ይቆያል፤ ሽታውና ሻጋታው የሚመጣውም ከእሱ ነው። ወለሉ ላይ የጎማ መድፈኛ ካለ አውጡትና ውሃው ይውረድ። ስትጨርሱ መመለሱን እንዳትረሱ።

ጥንቃቄ፦ ወንበሩን መፍታት ካስፈለገ ከስሩ ያሉትን ሽቦዎች ተመልከቱ። ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ነው። የመኪናው ባትሪ ሳይነቀልና ቢያንስ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ቢጫውን አትንኩት። ወንበሩ ተነቅሎ ሳለም ቁልፉን አታዙሩ።

## ደረጃ 3፦ ውሃ ሳታፈሱ ፈትሹ

ሦስት ቀላል ፍተሻዎች አሉ። ሦስቱንም ሥሩ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጁም።

የብርሃን ፍተሻ። ማታ ወይም ጨለማ ቤት ውስጥ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። እናንተ ከውጭ ባትሪውን በመጋጠሚያው ላይ ቀስ እያላችሁ ውሰዱ። ውስጥ ያለው ሰው ብርሃን ባየበት ቦታ ሁሉ ከውስጥ በፕላስተር ምልክት ያድርግ።

የወረቀት ፍተሻ። ወረቀት ጣት በሚያህል ስፋት ቁረጡ። በጎማውና በሚያርፍበት ብረት መካከል አስገብታችሁ ጣሪያውን ወይም በሩን ዝጉ፤ ከዚያ ሳቡት። ያዝ አድርጎ ከወጣ ጥሩ ነው። ያለ ምንም ትግል ሸርተት ካለ ጎማው እዚያ ላይ አይጫንም። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ድገሙት። ጥጎቹን በተለይ አትለፉ።

የጠመኔ ፍተሻ። ጎማውን በጠመኔ ቀቡት። ጣሪያውን ዘግታችሁ ቆልፉት፤ እንደገና ክፈቱት። ጠመኔው ብረቱ ላይ የተወው መስመር የት ላይ እንደተቋረጠ ተመልከቱ። የተቋረጠበት ክፍተት ነው። ይህኛው በቀላሉ ለሚከፈቱት የፊት ክፍሎች ይመቻል።

## ደረጃ 4፦ የውሃው ፍተሻ

ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ቱቦውን ይዞ ከአናት ይጀምራል። ከዚያ ሁሉም ቦታ ይረጥብና ምንም ሳያውቅ ይቀራል። ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ ፍተሻው ከታች ወደ ላይ ነው መሄድ ያለበት።

1. መስኮቶቹንና በሮቹን ሁሉ ዝጉ። አንድ ሰው ባትሪና ሶፍት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ከጣሪያው ስር የሚነሳ ልባስ ካለ አንሱት፤ ልባሱ የውሃውን መንገድ ይደብቃል።
2. የውሃውን ግፊት ቀንሱ። የሚፈስ እንጂ የሚወረወር ውሃ አይሁን። የመኪና ማጠቢያ የግፊት ማሽን አትጠቀሙ። ደህና ጎማንም አልፎ ይገባል፤ ያልተበላሸውን ስትጠግኑ ትውላላችሁ።
3. ከፊት መስታወቱ ግርጌ ጀምሩ። 5 ደቂቃ እዚያው ብቻ አፍስሱ። ውስጥ ያለው ሰው ካልተናገረ 2 ደቂቃ ጠብቁ፤ አንዳንዱ ውሃ ተጠራቅሞ ነው የሚወርደው።
4. በመስታወቱ ጎንና ጎን ውጡ። ቀኝ 5 ደቂቃ፣ ግራ 5 ደቂቃ።
5. የመስታወቱ አናት ላይ፣ ጣሪያው ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበት።
6. የበሮቹ የላይኛው ጠርዝ።
7. የጣሪያው ክፍሎች እርስ በርስ የሚገናኙበት መስመር። ራንግለር ላይ ሁለቱ የፊት ክፍሎችና የኋላው ቅርፊት የሚገናኙበት፣ ቲ ቅርጽ ያለው ቦታ ዋናው ተጠርጣሪ ነው።
8. የኋላ መስታወት፣ ማጠፊያዎቹ፣ የላይኛው የፍሬን መብራት፣ አንቴና ካለም እሱ።

ውሃ እንደታየ ቱቦውን ዝጉ። አትቀጥሉ። ውስጥ ያለው ሰው ጠብታውን ሳይሆን የጠብታውን ጅራት ይከተል። ሶፍት እየጫነ ወደ ላይ ይሂድ። ሶፍቱ መርጠብ ያቆመበት ቦታ ከመግቢያው አጠገብ ነው። በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ያንን ቦታ በፕላስተር ሸፍኑና አካባቢውን አድርቃችሁ እንደገና ውሃ አፍስሱበት። ካቆመ አገኛችሁት። ካላቆመ ሌላም አለ ማለት ነው።

አንድ ቀዳዳ ስላገኛችሁ ፍተሻውን አትተዉ። እስከ ደረጃው መጨረሻ ሂዱ። ሁለትና ሦስት መግቢያ ያለው ጣሪያ ብዙ ነው።

ምንም ካልታየ፦ መኪናውን አፍንጫው ወደ ታች በሆነ ዳገት ላይ አቁማችሁ ድገሙት፤ ከዚያ ደግሞ አዙራችሁ። ሜዳ ላይ የማያፈስ፣ ዳገት ላይ ሲቆም ብቻ የሚያፈስ መኪና አለ። እሱም ካልሆነ የሳሙና ፍተሻ ሞክሩ። የአየር ማራገቢያውን የመጨረሻው ፍጥነት ላይ አድርጉት፤ አየር ከውጭ እንዲያስገባ እንጂ የውስጡን እንዳያዞር። መስኮትና በር ዝጉ። ከውጭ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ እርጩ። አረፋ የሚያኩረፈርፍበት ቦታ አየር እየወጣ ነው፤ አየር የሚወጣበት ውሃ ሊገባበት ይችላል።

## ደረጃ 5፦ የውሃ መውረጃዎቹን ክፈቱ

የጣሪያው ጎማ ሁሉንም ውሃ እንዲመልስ አይደለም የተሠራው። ብዙ መኪና ላይ ጎማውን ያለፈ ትንሽ ውሃ በቦይ ተሰብስቦ በቀዳዳ ወይም በቱቦ ወደ ውጭ ይወርዳል። ቀዳዳው በቅጠልና በአቧራ ከተደፈነ ቦዩ ይሞላና ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ኤምኤክስ-5 ላይ ከወንበሮቹ ኋላ በግራና በቀኝ ያሉት መውረጃዎች በዚህ ይታወቃሉ።

- ቦዩን በጨርቅና በብሩሽ አጽዱ። ቆሻሻውን ወደ ቀዳዳው አትግፉት፤ ልቀሙት።
- በቱቦው ውስጥ ወፍራም የናይሎን ገመድ፣ ለምሳሌ የሣር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚገባውን፣ ቀስ ብላችሁ አስገቡ።
- አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱ። ከመኪናው ስር ወዲያው መውረድ አለበት።

ጥንቃቄ፦ ሽቦ አታስገቡ፤ ቱቦውን ይበሳል። በኮምፕረሰር አየርም አትንፉ። ቱቦው ከመገጣጠሚያው ይላቀቅና ከዚያ በኋላ ውሃው ሁሉ በቀጥታ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው።

መውረጃው ተደፍኖ ካገኛችሁት ደረጃ 4ን ድገሙ። ካቆመ ጣሪያውን መፍታት አያስፈልጋችሁም።

## ደረጃ 6፦ ጣሪያውን አንሱ

1. ከመፍታታችሁ በፊት ሁሉንም ነገር ፎቶ አንሱ። የብሎኖቹን ቦታ፣ ጎማው በየጥጉ እንዴት እንደተቀመጠ፣ የትኛው ክፍል በየትኛው ላይ እንደተደረበ።
2. የኋላውን መብራትና የመስታወት ማሞቂያ ሶኬት፣ የማጠቢያውንም ቱቦ ንቀሉ። ይህን ረስቶ ጣሪያ ያነሳ ሽቦውን ይበጥሳል።
3. ብሎኖቹን ፍቱ። ቁልፉ ራሱ ላይ ሙሉ በሙሉ መግባቱን እርግጠኛ ሁኑ። ግማሽ ገብቶ ከዞረ የብሎኑ ራስ ይበላል። እያንዳንዱን ብሎን ከየት እንደወጣ ጽፋችሁ አስቀምጡ።
4. በሮቹንና የኋላውን በር ክፈቱ። ሁሉም ሰው በአንድ ድምፅ እኩል ያንሳ። መጀመሪያ ቀጥታ ወደ ላይ፤ ከዚያ ወደ ኋላ። አትጎትቱት፤ ጎማው ይቀደዳል።
5. ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጡት። ክብደቱ ጎማው ላይ እንዳያርፍ በጠንካራው አካሉ በኩል ደግፉት።

አልነሳ ካለ ጉልበት አትጨምሩ። የተረሳ ብሎን አለ፣ ወይም ጎማው ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ከተጣበቀ ስስ የፕላስቲክ ካርድ በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ በመካከል አሳልፉ። ካቻቢቴ አታስገቡ።

## ደረጃ 7፦ ጎማውን እጠቡና አክሙ

ጎማውን በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱ። ሦስት ነገር ነው የምትፈልጉት፦ የተቀደደ፣ የተረገጠና ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከቦታው የወጣ።

በለስላሳ ሳሙናና በስፖንጅ እጠቡ። የሚያርፍበትን ብረትም እጠቡ፤ አንድ የአሸዋ ፍሬ ጎማውን አንስቶ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ድሮ የተቀባ ሲሊኮን ካለ በፕላስቲክ መፋቂያ ሙሉ በሙሉ አንሱት። ቀሪ ሲሊኮን ላይ ምንም ነገር አይጣበቅም።

የተላቀቀ ወይም የተቀደደ ካለ ግራሶ ከመቀባታችሁ በፊት አጣብቁት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማጣበቂያው አይዝም። ሁለቱንም ፊት በአልኮል ጥረጉ። ለጎማ የሚሆን ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ላይ በስሱ ቀቡ። ወዲያው አትግጠሙት፤ ስትነኩት ጣት ላይ የማይሳብ እስኪሆን ጠብቁ። ከዚያ አንድ ጊዜ በትክክል አስቀምጡና ጫኑት። በወረቀት ፕላስተር አስራችሁ የማስቲሹ ዕቃ ላይ በተጻፈው ሰዓት ልክ አቆዩት።

ጎማው ደህና ሆኖ ትንሽ ከተረገጠ በፀጉር ማድረቂያ ፎን ለስለስ ባለ ሙቀት አሙቁት። እጃችሁ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። እያሻሻችሁ ቅርጹን መልሱለት። ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ደርቆ የተሰነጣጠቀ ጎማ ግን በሙቀትም በግራሶም አይድንም፤ ለመኪናችሁ ሞዴል የሚሆነውን አዲስ ግዙ።

በመጨረሻ የሲሊኮን ግራሶ በጨርቅ በጣም በስሱ ቀቡ። ሲታይ ማብረቅረቅ ሳይሆን ማለስለስ ነው ያለበት።

ጥንቃቄ፦ ቫዝሊን፣ የሞተር ዘይት፣ ቤንዚን፣ ቲነር አይነኩትም። አብዛኛው የመኪና ማሸጊያ ጎማ ኢፒዲኤም የሚባለው ዓይነት ነው። የነዳጅ ዘር የሆነ ቅባት ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። መጀመሪያ ላይ የተሻለ ይመስላል፤ ከጊዜ በኋላ ቅርጹን ያጣል።

## ደረጃ 8፦ መልሳችሁ ግጠሙ

አጥብቄ የምናገረው ስለዚህ ደረጃ ነው። ያየኋቸው የሚያፈሱ ጣሪያዎች አብዛኞቹ ጎማቸው ጤነኛ ነበር። የተበላሸው አገጣጠማቸው ነው። አንዱ ብሎን ቀድሞ ይጠብቅና ጣሪያውን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። በሌላው ጎን ክፍተት ይፈጠራል።

1. ጣሪያውን ቀጥታ ከላይ አውርዱት። ሲያርፍ አትግፉት። ቦታው ትንሽ ከሳተ መልሳችሁ አንሱና አስተካክሉ።
2. ዙሪያውን ዙሩ። የጎማው ከንፈር ወደ ውስጥ የታጠፈበት ካለ በፕላስቲክ ካርድ አውጡት።
3. ሁሉንም ብሎኖች በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ብቻ አስገቡ። አንዱንም አታጥብቁ። በእጅ የማይገባ ብሎን ካለ ጥርሱ ተጣሟል፤ አውጥታችሁ እንደገና ሞክሩ። በቁልፍ ካስገደዳችሁት ጥርሱን ይበላዋል።
4. ጣሪያው ብዙ ክፍል ከሆነ የኋላው ቅርፊት ላላ ብሎ ሳለ የፊቶቹን ክፍሎች አስቀምጡ። የሚደረበው ጠርዝ የትኛው ከስር፣ የትኛው ከላይ እንደሆነ ከፎቷችሁ አመሳክሩ። ከተገለበጠ ውሃው በቀጥታ ይገባል።
5. የፊት መቆለፊያዎቹን ያዙ። ግራና ቀኙን አንድ ላይ ዝጉ፤ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ።
6. አሁን አንድ ሰው የኋላውን ቅርፊት ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ይያዝ። ክፍሎቹ የሚገናኙበት መስመር ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑን አይታችሁ አረጋግጡ።
7. ብሎኖቹን በመስቀለኛ አጥብቁ። ቀኝ ፊት ትንሽ፣ ግራ ኋላ ትንሽ፣ ግራ ፊት፣ ቀኝ ኋላ። በሦስት ዙር ጨርሱ።
8. የመኪናው መመሪያ የሚለውን የማጥበቂያ መጠን አትለፉ። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ውሃ አያቆምም። ፋይበር ግላሱን ይሰነጥቃል ወይም ጎማውን ይረግጠዋል።
9. ሶኬትና የማጠቢያ ቱቦ መልሱ። መብራቱንና ማጠቢያውን ሞክሩ።

ደረጃ 4ን ድገሙ። ካቆመ እዚህ ይበቃችኋል።

## ደረጃ 9፦ ክፍተት ከቀረ ሙሉት

አሁንም በምልክቱ ቦታ ላይ ከገባ ጎማው እዚያ ላይ አይደርስም። የክፍተቱን መጠን ለኩ። ለልጆች መጫወቻ የሚሆነውን ለስላሳ ሊጥ በስስ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በጎማው ላይ አስቀምጡ፤ ጣሪያውን ዝጉና ክፈቱ። የቀረው ውፍረት ክፍተቱ ነው። አጠገቡ ካለው ደህና ቦታ ጋር አወዳድሩት።

ከዚያ ተለጣፊ የስፖንጅ ቴፕ ቁረጡ። ውፍረቱ ከክፍተቱ ጥቂት ይብለጥ፤ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ 5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ስፖንጁ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ፣ ውሃ የማይመጥ ዓይነት መሆን አለበት። መለያው ቀላል ነው፦ ቁራጩን ውሃ ውስጥ ጭመቁትና ልቀቁት። ከብዶ ከወጣ ውሃ መጥጧል፤ ጣሉት። ለቤት መስኮት የሚሸጠው ተራ ስፖንጅ እንደዚህ ነው። ውሃውን ይዞ ብረቱን ያዝገዋል።

ቴፑን ከጎማው ላይ ሳይሆን ከስሩ አድርጉት፣ ጎማው በተሰካበት ቦይ ውስጥ። ጎማው ራሱ ከፍ ይላል፣ የሚገናኘውም ጎማው ነው። ከክፍተቱ በሁለቱም በኩል 5 ሳንቲ ሜትር አሳልፉት። ጫፎቹን በሰያፍ ቁረጡ፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጫፍ ራሱ ሌላ ክፍተት ይሠራል። የውሃ መውረጃ ቦዩን ግን እንዳትዘጉት።

በሩ ወይም የፊት መቆለፊያው ለመዘጋት ካስቸገረ ቴፑ ወፍራም ነው። አስገድዳችሁ አትዝጉ፤ ቀነስ ያለ ተጠቀሙ።

## ደረጃ 10፦ ማሸጊያ የሚቀባው የት ነው

ማሸጊያ የሚቀባው በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ብቻ ነው። የኋላ መስታወት ከፋይበር ግላሱ የሚገናኝበት፣ የላይኛው የፍሬን መብራት ዙሪያ፣ የማጠፊያ ብሎኖች ቀዳዳ፣ ቅርፊቱ ላይ ያለ ስንጥቅ። የሚከፈት መጋጠሚያ ላይ ከቀባችሁ ወይ ጣሪያው አይነሳም፣ ወይ ሲነሳ ጎማውን ይዞት ይወጣል።

ሲደርቅ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አለ። ባዶ ብረት አጠገብ አትጠቀሙት፤ አሲዱ ያዝገዋል። ሽታ የሌለውን ወይም ፖሊዩረቴን ማሸጊያ ምረጡ። ለመብራትና ለብሎን ስር ቡቲል ቴፕ፣ ማለትም እንደ ሊጥ የሚለጠፍ የማሸጊያ ቴፕ፣ ይሻላል፤ አይደርቅም፣ ሌላ ቀን ለመፍታትም አያስቸግርም።

1. ቦታውን አጽዱ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁ።
2. በሁለቱም ወገን የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ።
3. ማሸጊያውን ሳታቋርጡ በአንድ መስመር አውጡ። ከላይ መከመር አይጠቅምም፤ ወደ ክፍተቱ ውስጥ ግፉት።
4. በእርጥብ ጣት አንድ ጊዜ አስተካክሉ። ሳይደርቅ ፕላስተሩን አንሱ።
5. 24 ሰዓት ውሃ አታስነኩት።

ስንጥቅ ከሆነ ከመድፈን በፊት ሁለቱም ጫፎቹ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። አለበለዚያ ስንጥቁ ከማሸጊያው ስር ይቀጥላል። ከጣት የሚረዝም ወይም የብሎን ቦታን የሚያቋርጥ ስንጥቅ ከሆነ ግን በማሸጊያ አትሸፍኑት። በፋይበር ግላስና በሬዚን የሚጠግን ሰው ይየው። ክብደት የሚሸከም ቦታ ነው፤ በመንገድ ላይ ቢከፈት ሰው ይጎዳል።

## ሥራው መሀል ላይ ሲበላሽ

የብሎኑ ራስ ከተበላ። በመጀመሪያ በሚሰርጽ ዘይት አርጥባችሁ አሳድሩት፤ ጎማውን በጨርቅ ከዘይቱ ጠብቁ። በማግስቱ ትንሽ ተለቅ ያለ ቁልፍ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አስገቡና ሞክሩ። ካልሆነ የተሰበረ ብሎን ማውጫ ያለው ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

ከጥገናው በኋላ ሌላ ቦታ ማፍሰስ ከጀመረ። ብዙ ጊዜ አዲስ ቀዳዳ አይደለም። ጣሪያው ዞሯል ማለት ነው። ብሎኖቹን ሁሉ አላልታችሁ ከደረጃ 8 ቁጥር 3 ጀምሩ።

ቆሞ ሳለ የማያፈስ፣ ሲነዳ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ። በሩን ተመልከቱ። በፍጥነት ስትነዱ የአየሩ ግፊት የበሩን መስታወት ወደ ውጭ ይስበዋል። የወረቀቱን ፍተሻ መስታወቱና የላይኛው ጎማ መካከል ድገሙት። ከላላ የመስታወቱ ማስተካከያ ብሎኖች በበሩ ልባስ ውስጥ ናቸው።

የፊት ክፍሉ ጥግ ላይ ብቻ አንድ ሁለት ጠብታ ከቀረ። ሁለት ጎማዎች ጫፍ ለጫፍ የሚገናኙበት ቦታ ነው። በጫፎቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ ብቻ በጠብታ ማሸጊያ ሙሉ። ማሸጊያው የሚነካውን የላይኛውን ክፍል በስስ ፕላስቲክ ሸፍኑ፤ ጣሪያውን ዝጉ፤ 24 ሰዓት አቆዩ። ስትከፍቱ ማሸጊያው የክፍተቱን ቅርጽ ይዞ ታገኙታላችሁ። ፕላስቲኩን ከረሳችሁ ግን ይጣበቃል።

ከመጀመሪያው ሳምንት ጉዞ በኋላ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ ፈትሹ። ጎማው ሲረጋ ትንሽ ይላላሉ። ምንጣፉን ከመመለሳችሁ በፊት ደግሞ ወለሉ ላይ ደረቅ ሶፍት አንጥፉና አንድ ሙሉ ዝናብ ይለፍበት።